አራት ቀን በጅማ፣ በአንድ ጆሮ

ቀን 1፣ ረቡዕ

ከአዲስ አበባ ስንወጣ ገና ጎህ አልቀደደም። አውቶቡስ ላይ ስሳፈር ቀድሜ የምፈልገው የግራውን መስኮት ነው። እዚያ ከተቀመጥኩ ጎረቤቴ በቀኜ ይሆናል። የግራ ጆሮዬ አይሰማም።

6 ዓመቴ ላይ ጆሮ ደግፍ ያዘኝ። ጉንጬ አብጦ ሰነበተ። እብጠቱ በሳምንቱ ጎደለ፣ ትኩሳቱም ለቀቀኝ፣ የግራው ጆሮዬ ግን በዚያው ቀረ። ካደግኩ በኋላ አንድ የጆሮ ሐኪም ወረቀት ላይ ሥሎ አስረዳኝ። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ቀንድ አውጣ የመሰለ ጥምዝ ነገር አለ። እዚያ ውስጥ ጸጉር ያላቸው ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ጥቃቅን ሴሎች ተደርድረዋል። ድምፅ ሲነቀንቃቸው ለአንጎል መልእክት ይልካሉ። ሰው ላይ እነዚህ ሴሎች አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም።

ብዙ ሰው አንድ ጆሮ ማጣት ግማሽ መስማት ይመስለዋል። አይደለም። ዋናው የሚጠፋው ነገር አቅጣጫ ነው። ስሜ ሲጠራ እሰማለሁ። ከየት በኩል እንደተጠራሁ ግን አላውቅም። መንገድ ስሻገር ጥሩንባ ይጮኻል፣ እኔ ዙሪያዬን እማትራለሁ። ሁለት ጆሮ ላለው ሰው ድምፁ አንደኛው ጆሮ ጋ ትንሽ ቀድሞ ይደርሳል። ልዩነቱ ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ያንሳል። ለአንጎል ግን ያቺ ትበቃዋለች። እኔ የማወዳድርበት ሁለተኛ ጆሮ የለኝም። ለዚህ ይመስለኛል፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አብዝተው ስለሚሰሙ እንስሳት ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ።

ወሊሶ ላይ ፍርፍር በላን። ወልቂጤን አልፈን ወደ ጊቤ በረሃ ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ በመስኮት ገባ። ጎረቤቴ መምህር ነው። ኮንታ በኩል ያስተምራል። የጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ከሱ አገር ሩቅ አይደለም። ስለ ዝሆን አንስቼ እንዳልጨረስኩ ተቀበለኝ።

«አንድ ነገር ግን እስከዛሬ አይገባኝም» አለ። «ተበታትነው ሲግጡ ታያቸዋለህ። ድምፅ የለም። ከዚያ ሁሉም በአንዴ ቀጥ ይላሉ። በአንዴ ይዞራሉ። ማን ነገራቸው?»

ይህንኑ ጥያቄ ነው እ.ኤ.አ. በ1984 ኬቲ ፔይን የተባለች ተመራማሪ የመለሰችው። አሜሪካ ውስጥ ፖርትላንድ ከተማ በሚገኝ መካነ እንስሳት ከዝሆኖች አጠገብ ቆማ ሳለ አየሩ ሲርገበገብ ተሰማት። ድምፅ ግን አልሰማችም። ልጅ ሆና በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሃል ስትቆም የትልቁ ኦርጋን ወፍራም ድምፅ ደረቷን እንዲህ ያንቀጠቅጠው እንደነበር ትዝ አላት። በኋላ ቀድተው ሲመረምሩት ዝሆኖቹ ያወሩ ነበር። የሰው ጆሮ በሰከንድ ከ20 ጊዜ በታች የሚርገበገብን ድምፅ አይሰማም። ዝሆን ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ይጣራል። እንዲህ ያለው ወፍራም ድምፅ ጫካው ብዙ አያግደውም። ኪሎ ሜትሮችን አቋርጦ ይሄዳል።

መምህሩ ይህን ስነግረው ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ «እንግዲያው እዚያ ስቆም እያወሩ ነበር ማለት ነው» አለ። ሰኮሩን እስክናልፍ ድረስ ሌላ ነገር አላወራንም።

ወደ 350 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ ጨርሰን ጅማ የገባነው ከሰዓት በኋላ ነው። ዘንቦ አባርቷል። ወዳጄ መናኸሪያው በር ላይ ጠበቀኝ፣ በባጃጅ እናቱ ቤት ወሰደኝ። እማማ 80 ዓመት ሊሞላቸው ነው። ቡናው ቀርቦ ጠበቀኝ። ጆሯቸው ደክሟል። «ጮክ በል ልጄ፣ እኔ እኮ ደንቆሬያለሁ» አሉኝ። በቀኛቸው በኩል ትንሽ ይሻላቸዋል። እኔም በቀኜ ነው የምሰማው። የምንቀመጥበትን እስክናስተካክል በርጩማዎቹን ሁለት ሦስት ጊዜ አዟዟርን።

ሌሊት ጅብ ጮኸ። ወዳጄ ከወደ ወንዙ ነው አለ። እኔ ከየትም መሰለኝ። ያ ከዝቅታ ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣው «ውው...ኡፕ» የሚለው ጩኸት የእያንዳንዱ ጅብ የተለየ ነው። በሱ ይተዋወቃሉ። ኬንያ ውስጥ ማሳይ ማራ ላይ ተመራማሪዎች የማያውቋቸውን ጅቦች ድምፅ ቀድተው አሰሟቸው። የአንድ እንግዳ ድምፅ ሲሰሙ ቀና ይላሉ። የሁለት ሲሆን የበለጠ ይጠነቀቃሉ። የሦስት ሲሆን ደግሞ ከዚያም ይብሳል። በጨለማ በጆሮ ብቻ ስንት ሆነው እንደመጡባቸው ይለያሉ ማለት ነው። ይህ ጥናት የታተመው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

እኔ ስተኛ ሁሌም ደህናውን ጆሮዬን ትራስ ላይ አድርጌ ነው። ያኔ ዓለም ጸጥ ይላል። የዚያን ሌሊትም እንዲሁ ተኛሁ።

ቀን 2፣ ሐሙስ

ጠዋት ጅሬን ወጣን። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከተማውን ቁልቁል እያየ ኮረብታው ላይ ተቀምጧል። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ከዚህ ሆነው ነው። የእንጨት ሥራው ደስ ይላል፣ ሰገነቱም። ስለ ቤተ መንግሥቱ ብዙ ሰው ስለጻፈ እኔ በሩ ላይ ታስሮ ስላየሁት ፈረስ ልጻፍ። ሣር እየነጨ የግራ ጆሮውን ወደ ኋላ አዞረ፣ ቀኙ እኛው ላይ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላው ሞተር ሳይክል ዳገቱን ይዞ መጣ። እያንዳንዱን ጆሮ ለየብቻው ወደፈለገው ያዞረዋል። አንዱን ለኛ፣ አንዱን ለመንገዱ። ብዙ ቆሜ አየሁት።

ከሰዓት በኋላ ቦዬ ሄድን። ከከተማው ወጣ ብሎ በአዲስ አበባ መንገድ ያለ ረግረግ ነው። ከብት የሚጠብቁ ሁለት ልጆች ዳር ላይ ቆመዋል። «ጋሼ፣ እዚያ፣ እዚያ» እያሉ ጠቆሙን። መጀመሪያ ድንጋይ መሰለኝ። ከዚያ ድንጋዩ ጆሮውን አርገፈገፈ። ውሃው እንደ ጤዛ ተረጨ።

ጉማሬ ውሃ ውስጥ ሲሆን ዓይኑ፣ አፍንጫውና ጆሮው ከውሃ በላይ፣ መንጋጋው ከውሃ በታች ይሆናል። ዊሊያም ባርክሎ የሚባል አጥኚ በዚህ አቀማመጥ ላይ ብዙ ሠርቷል። ጉማሬ እንዲህ ሆኖ ሲጮኽ ድምፁ በአንድ ጊዜ በአየርም በውሃም ይሄዳል። አየሩ ላይ ያለው በጆሮው ይሰማዋል። ጠልቆ ያለው ደግሞ፣ ባርክሎ እንደሚለው፣ በመንጋጋው አጥንት በኩል ይቀበለዋል። ከላይ ያለውም ከታች ያለውም ጎረቤት መልእክቱ ይደርሰዋል።

እዚህ ላይ እኔን የሚነካኝ ነገር አለ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። በውሃ ውስጥ ግን ከአራት እጥፍ በላይ ይፈጥናል። ስለዚህ ሰው ውሃ ውስጥ ጠልቆ ድምፅ ሲሰማ፣ ሁለቱ ጆሮዎቹ ጋ የሚደርስበት የጊዜ ልዩነት እጅግ ያንሳል። ከየት እንደመጣ ለመለየት ይቸገራል። ውሃ ውስጥ ሰው ሁሉ እንደ እኔ ነው።

ከትልልቆቹ አንዱ ጮኸ። ረጅም ማንኮራፋት የመሰለ ነገር ቀደመ፣ ከዚያ አጫጭር «ሆ፣ ሆ፣ ሆ» ተከተለ። ከልጆቹ አንዱ አስመሰለው፣ በደንብ ነው ያስመሰለው። ሞዛምቢክ ውስጥ ማፑቶ በሚባል ጥብቅ ክልል ተመራማሪዎች ይህንኑ ድምፅ ቀድተው መልሰው አጫወቱላቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ። ጉማሬዎቹ የራሳቸውን መንጋ ድምፅ ሲሰሙ ረጋ ይላሉ። የእንግዳ ሲሰሙ ግን ይቆጣሉ፣ ፋንድያቸውን በጅራታቸው እየበተኑ ክልላቸውን ያሳያሉ። ለልጆቹ ስነግራቸው ትንሹ «እኛንም ያውቁናል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በየቀኑ እዚያው ቆሞ የሚጮህ ልጅ ድምፁ የማይታወቅበት ምክንያት ግን አልታየኝም።

ማታ እራት በልተን በረንዳ ላይ ሳለን ከላይ አንድ ነገር ጮኸ። ጨርቅ ሲቀደድ የሚያሰማውን ድምፅ አስረዝማችሁ አስቡት። ወዳጄ ደንግጦ ወደ እናቱ አየ። አልሰሙም። ቆይቶ ግን እሳቸው ራሳቸው ቀና ሲሉ አዩዋት። ነጭ ነገር ያለምንም ኮሽታ በጓሮው ላይ አለፈች።

«በስመ አብ!» አሉ እማማ። «ይቺ ሟርተኛ ዛሬም መጣች? በድንጋይ በልልኝ!»

«እማማ፣ ይተዉአት» አልኩ ጮክ ብዬ። «አይጥ ፍለጋ ነው የመጣችው። በቆሎዎትን ነው የምትጠብቅልዎ።»

«ጉጉት በጮኸበት ቤት ሰው ይሞታል።»

ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፣ የኔም እናት ትለው ነበር። ልከራከራቸው አልፈለግኩም። ግን ስለዚህች ወፍ የማውቀውን ልነግራቸው ፈለግኩ። በርጩማዬን አስጠግቼ በቀኝ ጆሯቸው በኩል ተቀመጥኩ።

ፊቷ ነጭ የሆነው ጉጉት የፊቷ ቅርፅ ራሱ ጆሮ ነው ማለት ይቻላል። ሳህን የመሰለው የላባ ክብ ድምፁን ሰብስቦ ወደ ጆሮ ቀዳዳዎቿ ይልከዋል። ቀዳዳዎቹ እኩል አይደሉም፣ አንደኛው ከሌላው ከፍ ይላል። እኛ ሁለት ጆሮ ሲኖረን ግራና ቀኝ እንለያለን። እሷ በዚህ መዛነፍ ላይና ታችንም ትለያለች። ሮጀር ፔይን የሚባል ተመራማሪ አንዲት ጉጉት ድቅድቅ ጨለማ በሆነ ክፍል ውስጥ አስገባ። ወለሉ ላይ ቅጠል ነሰነሰ። አይጥ ለቀቀ። ያዘቻት። ከዚያ አይጥ የሚያህል የተጨማደደ ወረቀት በክር አስሮ በቅጠሉ ላይ ጎተተ። እሱንም መታችው። ሽታም ሙቀትም የለውም፣ ኮሽታ ብቻ ነው ያለው። ለመስማት የራሷ ክንፍ እንዳይረብሻት ደግሞ የክንፏ ጠርዝ ለስላሳ ነው። ለዚህ ነው ስታልፍ ያልሰማናት።

እማማ አዳመጡኝ። ከዚያ የሚቀጥለውን ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የጀርመን ተመራማሪዎች ጥናት ነው። የወጣትና የአሮጌ ጉጉቶችን ጆሮ ፈተኑ። ከመካከላቸው አንዷ 23 ዓመቷ ነበር። መስማቷ ከወጣቶቹ የሚያንስ አልሆነም። ምክንያት አለው። ሰው ላይ የማይበቅሉት እነዚያ ጸጉር ያላቸው ሴሎች ወፍ ላይ ተመልሰው ይበቅላሉ። ይህ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ዶሮ ላይ ነው የተገኘው። አሁን ሳይንቲስቶች ያንኑ ሰው ላይ እንዴት እንደሚያመጡት ይደክማሉ። ስለዚህ ጥናት ባነበብኩ ቁጥር ግራ ጆሮዬን እነካለሁ።

«ጓሮ ያሉት የኔ ዶሮዎችም?» አሉ።

«እነሱም።»

«አርጅታ ትሰማለች?»

«ትሰማለች።»

እጃቸውን አጣጥፈው ጣሪያውን አዩ። ድንጋይ የወረወረ አልነበረም።

ቀን 3፣ ዓርብ

ዛሬ ረጅም ቀን ነበር። ሌሊት ተነስተን በቦንጋ መንገድ ወደ በለጤ ጫካ ሄድን። የደረስነው ሊነጋጋ ሲል ነው። መኪናው ሞተሩን እንዳጠፋ ጉሬዛዎቹ ጀመሩ። የጉሬዛን የንጋት ጩኸት ያልሰማ ሰው ዝንጀሮ የሚጮኽ አይመስለውም። ወፍራም፣ የሚንከባለል ነገር ነው፣ እንቁራሪትና ሞተር አንድ ላይ የተነሱ ይመስላል። አንዱ መንጋ ሲጨርስ ሌላው ይቀበላል። ሰፈሩ ሁሉ ማን የት እንዳደረ በዚያ ይተዋወቃል። ወዳጄ «ያ ከሸለቆው ማዶ ነው፣ ይሄኛው እዚሁ ከላያችን» እያለ ይጠቁመኛል። ለኔ ጫካው ሁሉ አንድ ላይ ይጮኻል።

አንድ ንብ አናቢ ሽማግሌ ጠብቀውናል። የወዳጄ የአባቱ ወዳጅ ናቸው። በጥላው ሥር ቡናው ቀልቷል። ቀፏቸውን በረጃጅም ዛፎች ላይ ነው የሚሰቅሉት። ልጃቸው በገመድ ወጥቶ አንዱን አወረደው። ንቦቹ ጥለውት ሄደዋል። ሽማግሌው ቀፎውን በርግደው ሲከፍቱት ውስጡን አየሁት። የማር እንጀራው በድር ተተብትቧል። በድሩ መሃል ነጫጭ ትሎች መንገድ ሰርተው ሰሙን በልተውታል። ብናኝና ጥቁር ኩስ ሞልቶታል። ሲሸት እንኳ ማር አይሸትም።

«ይሄ ነው ጠላቴ» አሉ። «ቤተሰቡ ከደከመ ትገባለች። ትወልዳለች። ከዚያ አለቀ።»

ከስንጥቁ አንዲት አመድማ የእሳት ራት ሮጣ ወጣች። እንደ መብረር አትልም፣ ትሮጣለች። መዳፌን ጣል አደረግኩባትና ያዝኳት። የጣቴን አንድ አንጓ አታክልም። ጀርባዋ የደረቀ ቅርፊት ይመስላል። ዱቄቷ ጣቴ ላይ ቀረ።

ልቤ መታ። ይህችን ነበር ላያት የምፈልገው። ስለሷ ያነበብኩት ከአሥር ዓመት በፊት ነው። እስካሁን ከተለኩ እንስሳት ሁሉ ቀጭኑን ድምፅ የምትሰማው እሷ ናት። ሰው በሰከንድ እስከ 20 ሺህ ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ይሰማል፣ ያውም ልጅ እያለ። ውሻ እስከ 45 ሺህ ገደማ። ድመት እስከ 85 ሺህ። ይህቺ ግን እስከ 300 ሺህ። እ.ኤ.አ. በ2013 ስኮትላንድ ውስጥ የስትራዝክላይድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው የለኳት። ጆሮዋ ጭንቅላቷ ላይ አይደለም፣ ሆዷ ላይ ነው። በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ ያሉት የመስሚያ ሴሎች አራት ናቸው። አራት! እኔ 15 ሺህ ይዤ ተወልጄ የአንዱን ጆሮ አጣሁ፣ እሷ በአራት ዓለምን ትሰማለች።

ይህን ሁሉ ለሽማግሌው ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

«ይህን ሁሉ መስማት ምን ያደርግላታል?»

«የሌሊት ወፍ እንዳይበላት ነው፣ አባባ። የሌሊት ወፍ በጨለማ የሚበረው እየጮኸ ነው። እኛ አንሰማውም። ጩኸቱ እሷ ላይ ነጥሮ ሲመለስለት የት እንዳለች ያውቃል። እሷም ጩኸቱን ቀድማ ከሰማች ታመልጣለች።»

«ለዚህ ነዋ ማታ ማታ እንደልቧ የምትገባው» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ሰጠኋቸው። በአውራ ጣታቸው ጨፈለቋት። ምንም አላልኩም። ማሩ የሳቸው ነው፣ የዓመት ድካማቸው እዚያ ቀፎ ውስጥ ነበር።

በነገራችን ላይ ንቦቹ ራሳቸው እንደኛ ያለ ጆሮ የላቸውም። በአንቴናቸው ሥር ባለ አንድ ክፍል የአየሩን መርገብገብ ይሰማሉ፣ እሱም ቅርብ ከሆነ ነው። አበባ አግኝታ የመጣች ንብ ቀፎው ውስጥ በጨለማ ስትጨፍር ክንፏን ታርገበግባለች፣ እህቶቿ አንቴናቸውን አስጠግተው ያዳምጧታል። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ «እሱን እንኳ እጄን ስሰድ አውቀዋለሁ» አሉ። ጠጋ ብለው ቀፎውን በመዳፋቸው ያዳምጡታል። ልማዳቸው ነው። ሌላ፣ ንብ ያለበት ቀፎ አስያዙኝ። መዳፌ ውስጥ ነዘረኝ። በግራ እጄም በቀኜም እኩል ነበር።

ከተማ ስንመለስ ጨልሟል። ከቤቱ በር ፊት ለፊት አንድ የመንገድ መብራት አለ። ሥሩ ቆምኩ። የእሳት ራቶች ይዞሩታል፣ የሌሊት ወፎች ከጨለማው ወጥተው ሽው ብለው ያልፋሉ። ለኔ ጸጥታ ነው። እዚያ አየር ላይ ግን ጩኸት ተሞልቷል። ላዛሮ ስፓላንዛኒ የተባለው ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1790ዎቹ የሌሊት ወፍ ዓይኑ ቢጠፋም እንደሚበር አሳየ። ጆሮው ሲደፈን ግን ይጋጫል። ለምን እንደሆነ ግን አልታወቀም። ዶናልድ ግሪፊን እ.ኤ.አ. በ1938 ከፊዚክስ ሊቁ ጆርጅ ፒርስ ጋር በፒርስ መሣሪያ እስኪያዳምጠው ድረስ መቶ አርባ ዓመት ያህል አለፈ። የራሱ ጩኸት እንዳያደነቁረው የሌሊት ወፉ በጮኸ ቁጥር በጆሮው ውስጥ ያለች ትንሽ ጡንቻ ትጨመደዳለች፣ ማሚቶው ሲመለስ ትላላለች። ወደ ምግቡ ሲቃረብ በሰከንድ እስከ 200 ጊዜ ገደማ ይጮኻል።

እያየሁ ሳለ አንዲት የእሳት ራት ከመብራቱ ዙሪያ ክንፏን አጥፋ እንደ ድንጋይ ሣሩ ውስጥ ወደቀች። የሌሊት ወፉ ባዶ አየር ላይ አለፈ። ሰምታዋለች።

የዚያን ሌሊት ስተኛ ዞርኩ። የማይሰማውን ጆሮዬን ትራሱ ላይ አደረግኩ። ውሻ፣ ከሩቅ የጭነት መኪና፣ የጣራው ቆርቆሮ ሲበርድ የሚያሰማው ጠቅታ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያ የጨርቅ መቀደድ መጣ። አንዴ ብቻ።

ቀን 4፣ ቅዳሜ

ቁርስ ላይ እማማ ቡና እየቀዱልኝ አየት አደረጉኝ።

«ማታ መጥታ ነበር?»

ማንን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። «መጥታ ነበር፣ እማማ። ጮኻለች።»

«እኔ አልሰማሁም» አሉ። ሲኒውን አቀበሉኝ። «ከየት በኩል ነው የጮኸችው?»

ወደ ጣራው አየሁ፣ ከዚያ ወደ ጓሮው፣ ከዚያ ወደሳቸው።

«እሱን እኔም አላወቅኩም» አልኳቸው።